ኮምፒዩተር ወፍጮ ቤት የገባ ጊዜ

ባለፈው ትልቁ ልጄ ስልኩ ላይ አንድ ነገር ሲጭን ሁለት ደቂቃ ሙሉ ጠበቀና «ይሄ ነገር ዕድሜዬን ሊጨርሰው ነው» ብሎ ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወረው። አጠገቡ ነበርኩ፤ የማወራለት ነበረኝ። ያላወራሁት እናቱ ስለነበረች ነው። እሷ ባለችበት ስለ ኮምፒዩተርና ስለ መጠበቅ ካነሳሁ ወሬው ዞሮ ዞሮ ሠርጋችን ላይ ይደርሳል። ሠርጋችን ላይ ከደረሰ ደግሞ የእኔ ስም በደህና አይነሳም። ዛሬ ገበያ ሄዳለች፤ እስክትመለስ ለእናንተ ላውራችሁ።

ጊዜው ሰማንያ ዓመተ ምሕረት ነው። እኔ ሆሳዕና ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የስታትስቲክስ ሠራተኛ ነበርኩ። ስታትስቲክስ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሥራዬ ከየወረዳው የሚመጣውን የዶሮ ቁጥር መደመር ነበር። እኔ የምደምራቸው ዶሮዎች ይራባሉ እንጂ አይሞቱም፤ በየሩብ ዓመቱ ይጨምራሉ። ገበያ ወጥቶ አንዲት ዶሮ ለመግዛት ግን ዘመድ ያስፈልግ ነበር።

አንድ ቀን ከለጋሽ አገር ኮምፒዩተር ተላከልን። ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ስላልነበረ የኃላፊያችን የጓድ ደሳለኝ ጠረጴዛ ላይ ከፕላስቲክ አበባው ጎን ሦስት ወር ተቀመጠ። እንግዳ ሲመጣ ጓድ ደሳለኝ ሽፋኑን ገለጥ አድርገው ያሳዩና መልሰው ያለብሱታል። በኋላ ሠልጣኝ ላኩ ሲባሉ እኔን ላኩኝ። የተመረጥኩት የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር ነው፤ ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው።

አዲስ አበባ ሁለት ሳምንት ሠልጥኜ ሠላሳ አንድ ፍሎፒ ዲስክና አንድ ቃል ይዤ ተመለስኩ። ቃሉ «ኮምፓይል» ነው። ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ማሽኑ ወደሚገባው ነገር መለወጥ ማለት ነው፤ ጽሑፉ ጥሬው ነው፣ ኮምፓይል ሲደረግ ይበስላል። የእኛ ፕሮግራም የአውራጃውን ዕቅድ ከዶሮ እስከ ትራክተር የሚያሰላ ግዙፍ ነገር ነበር። አሠልጣኛችን የበሰለውን በአንድ ዲስክ ሊሰጠኝ ፈልጎ ነበር። ጓድ ደሳለኝ ግን በስልክ «ያለቀለት ነገር ከሰው እጅ አንቀበልም፤ ከምንጩ ጀምረን ራሳችን እንሠራዋለን» ስላሉ ሠላሳ አንዱን ጥሬ ተሸክሜ መጣሁ።

ሆሳዕና ስደርስ ከላይ የተጻፈ ደብዳቤ ቀድሞኝ ነበር። አራት መስመር ነው። ፕሮግራሙን ከምንጩ ኮምፓይል ለማድረግ የሚፈጀው ጊዜ በትክክል ተለክቶ በተያያዘው ቅጽ እስከ ሰኞ ይላክ ይላል። ፕሮግራሙ ምን እንደሚጠቅም የጠየቀ የለም፤ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ግን አገር ይፈልገዋል። ግርጌው ላይ አንድ ሰው በእስክሪብቶ «ጎረቤት አውራጃ በአራት ሰዓት ማጠናቀቁን አስታውቋል» ብሎ ጨምሮበታል። ጓድ ደሳለኝን እንቅልፍ የነሳቸው ይቺ የእስክሪብቶ ጽሑፍ ናት።

ችግሩ መብራት ነው። የከተማው ጄኔሬተር መለዋወጫ ሲጠብቅ ከኅዳር ጀምሮ ቆሟል። ጓድ ደሳለኝ ካርታው ፊት ቆመው አሰቡና «ሺንሺቾ ያለው የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ወፍጮ ዲናሞ አለው» አሉ። ሺንሺቾ የእጮኛዬ የማርታ አገር ነው። ያን ቀን ረቡዕ ነው። ሠርጋችን እሑድ ነው።

«ጓድ፣ እሑድ ሠርጌ ነው» አልኩ።

«እንግዲያው ቶሎ ትጨርሳለህ ማለት ነዋ» አሉ። ቀጥለው፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ ቁጥሩ ለሰኞ ካልደረሰ ቆላ ካለ አንድ የሰፈራ ጣቢያ መዝጋቢ እንደሚፈለግና ስሜን ሊሰጡ እንደሚችሉ ነገሩኝ። ከዚያ ጣቢያ በወባ ሳይነደፍ የተመለሰ ሰው አላውቅም ነበር። ሰኞ ማለት የሠርጌ ማግስት ነው።

ሐሙስ ጠዋት ኮምፒዩተሩን በፍራሽ ጠቅልለን፣ ላንድሮቨር ላይ ጭነን፣ በአንጋጫና በዱራሜ አድርገን ሺንሺቾ ገባን። ስክሪኑን እኔ ጭኔ ላይ አቅፌዋለሁ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጭኔ ሳምንት ሙሉ ጠቁሮ ነበር።

ወፍጮ ቤቱ ደጅ ላይ ሰልፍ አለ። የዱራሜው ወፍጮ ናፍጣ ካጣ ወር ሆኖታል፣ የሀደሮው ድንጋዩ ተሰንጥቋል፤ ስለዚህ የአገሩ እህል ሁሉ እዚህ ነው። ሴቶቹ ጆንያቸውን ደርድረው ተቀምጠዋል። ከፊት ከተደረደሩት ውስጥ ሦስት ጆንያ የወይዘሮ አበበች ናቸው። ወይዘሮ አበበች የማርታ እናት፣ የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ተወካይም ናቸው። ጆንያዎቹ ውስጥ ያለው የእኔ የሠርግ ዳቦ ነው።

በእኛ አገር ደንብ እጮኛ ከሠርጉ በፊት ለአማቱ ፊቱን አያሳይም። መንገድ ላይ ቢያገኛቸው ጥግ ይዞ ያልፋል፤ የሚናገረው ካለውም በሰው በኩል ይልካል። ስለዚህ ከመኪናው የወረድኩት ስክሪኑን ፊቴ ላይ ይዤ ነው። በሴቶቹ መሐል እንደዚያው አለፍኩ፤ ሁለት ጆንያ ረገጥኩ፣ የአንዷን እግር ረገጥኩ፣ በሩን ስቼ ግድግዳውን ገጨሁ። በኋላ ማርታ እንደነገረችኝ ሴቶቹ ቴሌቪዥን የሚያክል ፊት ያለው ሙሽራ መጣ ብለው ሲስቁ ነው የዋሉት።

የሞተሩ ኃላፊ አቶ ከድር ናቸው። በወጣትነታቸው ሾፌር ነበሩ፤ ከሁሉም ሰው በላይ የሚያከብሩት ያንን ሞተር ነው። ኮምፒዩተሩን ከዳር እስከ ዳር ዞረው አዩት።

«ይሄ ምን ያደርጋል?» አሉኝ።

«የተጻፈውን ጥሬ ይወስድና ማሽን እንዲገባው አድርጎ ይለውጠዋል።»

«ይፈጫል በለኛ።»

«እንደዚያ ነው።»

«በሰዓት ስንት?»

«እሱን ልንለካ ነው የመጣነው።»

አቶ ከድር ራሳቸውን ነቀነቁ። በሰዓት ስንት እንደሚፈጭ የማይታወቅ ወፍጮ አይተው አያውቁም። ከዚያ ዋናውን ነገር ነገሩን፤ ዲናሞውም ድንጋዩም የሚዞሩት በዚያው በአንድ ሞተር ነው። እህል ሲገባ ሞተሩ ይከብደዋል፣ መብራቱ ይደክማል። ኮምፒዩተሩ እንዲሠራ ወፍጮው መቆም አለበት። ጓድ ደሳለኝ «ይቁም» አሉ። ወፍጮው ቆመ።

እኔ የመሰለኝ ማሽኑን አስነስቼ፣ ሰዓት አይቼ፣ ሲጨርስ ደግሞ ሰዓት አይቼ መቀነስ ነበር። የዋህ ነበርኩ። ጓድ ደሳለኝ ጊዜ በአንድ ግለሰብ እንደማይለካ አስረዱኝና ኮሚቴ ተቋቋመ። ሊቀመንበር ራሳቸው፤ አባላት የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ሀንዲሶ፣ አቶ ከድርና ወይዘሮ አበበች፤ ጸሐፊ እኔ። እያንዳንዱ በሰዓቱ ይለካል፣ አማካዩ ይወሰዳል። የጓድ ደሳለኝ ሰዓት ስድስት ደቂቃ ይቀድማል፤ ሆነ ብለው ነው፣ መሪ ከጊዜው መቅደም አለበት ይላሉ። የአቶ ሀንዲሶ ሰዓት የሚሠራው ሰው ሲጠይቃቸው ብቻ ነው፤ ያኔ ይሞሉታል። የአቶ ከድር ትክክል ነው። ወይዘሮ አበበች ሰዓት የላቸውም።

ማሽኑም የራሱ ሰዓት አለው። ስናስነሳው ስክሪኑ ላይ አንድ፣ አንድ፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ የሚል ቀን ወጣ። ጓድ ደሳለኝ ዓይናቸው በራ። «ተመልከቱ፣ የውጭ ዕቃ ሆኖ የእኛን ዓመተ ምሕረት ያውቃል» አሉ። ማሽኑ በውስጡ ባትሪ ስለሌለው በተነሳ ቁጥር ፈረንጆች ከሞሉለት ቀን እንደሚጀምር ሥልጠና ላይ ተነግሮኝ ነበር። ለማስረዳት አፌን ከፈትኩና የቆላው ጣቢያ ትዝ ሲለኝ ዘጋሁት። «ወሩ ግን ጥር ነው፣ ይሄ መስከረም አንድ ይላል» አሉ አቶ ሀንዲሶ። «ገና መምጣቱ ነው፣ ይለምዳል» አሏቸው ጓድ ደሳለኝ። ማሽኑም የኮሚቴው አባል ሆኖ ተመዘገበ።

ሥራው ተጀመረ። ማሽኑ ዲስክ ቁጥር አንድን ይላል፣ እሰጠዋለሁ። ያኝክና ሰባትን ይላል። ሰባትን ሳጎርሰው አንድን መልስ ይለኛል። አንድ ሰዓት ያህል እንደተጎራረስን ጓድ ደሳለኝ ይህ ታሪካዊ ሥራ ለሰፊው ሕዝብ ሊነገር ይገባል ብለው ከመኪናው ድምፅ ማጉያ አስወረዱ። ገመዱን የሰኩት እዚያው ዲናሞ ላይ ነው። «በሥራ ላይ ያለው ኮምፒዩተር» ብለው ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ መብራቱ ደከመ፣ ስክሪኑ ጠፋ። ኮምፓይል ከተቋረጠ ካቆመበት አይቀጥልም፤ ከዲስክ ቁጥር አንድ ነው የሚጀመረው። ስናስነሳው እንደገና መስከረም አንድ ቀን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሁለተኛውን ሙከራ ጀመርን። ዲስክ አሥራ ዘጠኝ ላይ አቶ ከድር ገብተው ሞተሩ እንደጋለና ማረፍ እንዳለበት ተናገሩ። ጓድ ደሳለኝ ሞተሩ የሕዝብ ንብረት መሆኑን አስታወሷቸው። «ለዚህ ነው የማሳርፈው» አሉና አጠፉት። ሴቶቹ ጆንያቸውን አዝለው ወደ ቤት ተመለሱ። በበሩ ስንጥቅ አየኋቸው፤ ወይዘሮ አበበች ከኋላ ቆመው በጣታቸው አንድ ነገር ይቆጥራሉ። ሰው የሚቆጥሩ መስሎኝ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሴቶቹ ተመልሰው መጡ፤ እኛም ሦስተኛውን ጀመርን። የዕለቱ ሥራ ሰመረ። ሃያ፣ ሃያ አምስት፣ ሃያ ስምንት። ላቤ ዲስኩ ላይ እንዳይንጠባጠብ በመሐረብ ግንባሬን አስሬያለሁ። ይኼኔ አቶ ከድር እጃቸውንና ፊታቸውን ታጥበው፣ ኮፍያቸውን አድርገው መጡ። የጁምዓ ሰዓት ደርሷል።

«ጥቂት ደቂቃ ነው የቀረው» አሉ ጓድ ደሳለኝ።

«ሞተሩን ብቻውን ትቼ አልሄድም፤ ሶላቱንም ትቼ አልቀርም» አሉ አቶ ከድር። «ከሁለቱ የሚጠፋው ሞተሩ ነው።»

አጠፉት። መሐረቤን ፈትቼ ፊቴን ሸፈንኩበት። እውነቱን ልናገር፣ አለቀስኩ። ሰው ለፍሎፒ ዲስክ ያለቅሳል? እኔ አልቅሻለሁ። ከሰዓት በኋላ በአራተኛው ሙከራ ደግሞ አቶ ሀንዲሶ ሰዓታቸው ስለቆመ ለኮሚቴው እኩልነት ሲባል ሥራው እንደገና ይጀመር ብለው ጠየቁ፤ በድምፅ ብልጫም አለፈ። ማሽኑን ያጠፋሁት ራሴ ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አቶ ከድር በርሜሉ ውስጥ እንጨት ነክረው አወጡ። እንጨቱ ላይ ያለው የናፍጣ እርጥበት አንድ ስንዝር አይሞላም። «ግማሽ ቀን ነው» አሉ። «ወይ የእናንተ ወፍጮ፣ ወይ የኔ።» ሌላ ናፍጣ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም።

ኮሚቴው ግቢ ውስጥ ጆንያዎች ላይ ተቀምጦ ስብሰባ ገባ። ሴቶቹ ዙሪያውን ቆሙ። እኔ ስክሪኑን ይዤ ወጥቼ ከኋላው ተሸሽጌያለሁ። ጓድ ደሳለኝ አምስተኛ ሙከራ እንዲደረግ ሐሳብ አቀረቡ። ከዚያ የወይዘሮ አበበች ድምፅ መጣ።

«ከድር፣ ለዚያ ሰውዬ ንገርልኝ። ነገ ሊያገባ ነው ወይስ ሊለካ?»

«ነገ ልታገባ ነው ወይስ ልትለካ ይላሉ» አሉኝ አቶ ከድር። ሁለት እርምጃ ነው የራቅኩት፤ መጀመሪያም ሰምቻለሁ።

ወንድ ቢሆን ኖሮ ያኔ ተነስቶ «ወፍጮውን ልቀቁ» ይል ነበር። በቤተ ክርስቲያን ለጋብቻ ሦስት እሑድ ስማችን ተጠርቷል፣ ማርታ ቀሚሷን አሰፍታለች፣ እንግዳው ከዳምቦያ ሳይቀር ተጠርቷል። እኔ ግን ቆላውን አሰብኩ፣ ጓድ ደሳለኝን በስክሪኑ ጎን አየሁና «ኮሚቴው የወሰነውን እቀበላለሁ በሉልኝ» አልኩ። በዚያ ንግግሬ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ወይዘሮ አበበች የመናገር ዕድል ጠየቁ፤ ተሰጣቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ።

«ሐሙስ አሥራ ሦስት ኩንታል መጣ፣ አሥራ ሦስት ተመለሰ። ዓርብ አሥር መጣ፣ አሥር ተመለሰ። የእናንተ ዕቃ ሃያ ሦስት ኩንታል ፈጀ። እኔ ሰዓት የለኝም፣ ግን ለካሁ። እናንተ ሰዓት ያላችሁ፣ ምን ለካችሁ?»

አቶ ሀንዲሶ ሰዓታቸውን መሙላት ጀመሩ።

«ደብዳቤው የፈለገው ቁጥር ነው አይደል?» አሉ ወይዘሮ አበበች። «ቁጥሩን እንስጠውና ወፍጮውን ልቀቁልን።»

ጓድ ደሳለኝ አልተቆጡም፤ ፊታቸው ላይ ያየሁት እፎይታ ነው። «ከአራት ሰዓት ማነስ አለበት» አሉ ቀስ ብለው። ሦስት ሰዓት እንዲሆን ሐሳብ ቀረበ። አቶ ሀንዲሶ ድፍን ሦስት ውሸት ይመስላል ብለው ተቃወሙ። አቶ ከድር ሃያ ሰባት ደቂቃ ይጨመር አሉ። በመጨረሻ ኮምፓይሉ ሦስት ሰዓት ከሃያ ሰባት ደቂቃ እንደፈጀ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፣ ተጨበጨበ። አቶ ከድር ጭብጨባው ሳያልቅ ቀበቶውን ወደ ድንጋዩ አዞሩት። የወፍጮው ድምፅ ሲነሳ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም ከስክሪኑ ኋላ ሆኜ በሆዴ እልል አልኩ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ጥሩ ነበር። ቅጹ ግን ሁለት ሳጥን አለው። አንደኛው «የፈጀው ጊዜ» ይላል፤ ሞላሁት። ሁለተኛው «የተገኘ ውጤት፣ በአኃዝ» ይላል። ጓድ ደሳለኝን ምን ልጻፍ ብላቸው «ባዶ ሳጥን ያለው ቅጽ ተመላሽ ይሆናል፣ ሙላው» ብለው ለምሳ ሄዱ። ሦስት ቀን ሙሉ ስንለካ የተገኘው ትክክለኛ አኃዝ አንድ ብቻ ነው። በዚያ ባማረው የእጅ ጽሑፌ «ሃያ ሦስት ኩንታል» ብዬ ጻፍኩ። ጓድ ደሳለኝ ከምሳ ሲመለሱ ሳያነቡ ፈረሙ።

ሠርጉ ተሠረገ። ናፍጣው እንዳያልቅ አቶ ከድር እያጣደፉ ስለፈጩት ዳቦው ሻካራ ነበር፤ እስከ ዛሬ ጥርሱ የተሸረፈ የዳምቦያ ሽማግሌ ባየኝ ቁጥር አፉን ከፍቶ ያሳየኛል።

በወሩ መልስ መጣ። ኮምፒዩተሩ በሦስት ሰዓት ከሃያ ሰባት ደቂቃ ሃያ ሦስት ኩንታል በመፍጨት ላስመዘገበው ውጤት ምስጋና ቀርቦልናል። ለሚቀጥለው ዓመት ዕቅዱ ሃምሳ ኩንታል ሆኗል። ማሽኑ በቋሚነት ሺንሺቾ ወፍጮ ቤት እንዲመደብ፣ እኔም የኮምፒዩተር ወፍጮ አስተባባሪ እንድሆን ተወስኗል። ልሂድ ስህተቱን ልናገር ብዬ ጓድ ደሳለኝ ቢሮ ገባሁ፤ ደብዳቤውን በመስታወት አስገብተው ግድግዳ ላይ እየሰቀሉት ነበር። ሚስማሩን አቀበልኳቸው።

ጎረቤት አውራጃዎች ለልምድ ልውውጥ መጡ። ዱቄት የለበሰውን ኮምፒዩተር ዞረው አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ በማስታወሻቸው ጻፉ። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት እነሱ በኮምፒዩተር ሠላሳ ኩንታል መፍጨታቸውን ሰማን። እኛ ሃምሳ አልን፤ ከዚያ መቶ አልን። እውነተኛው ወፍጮ በዚያን ጊዜ ናፍጣ አጥቶ ወር ከወር ቆሞ ነበር። የኔ ሪፖርት ግን አንድም ቀን ቆሞ አያውቅም፤ በየሩብ ዓመቱ የምፈርመው እኔ ነኝ።

ግንቦት ሰማንያ ሦስት ላይ በአማቴ ቤት ሬዲዮ ከበን ተቀምጠን ያ አሥራ ሰባት ዓመት ማብቃቱን ሰማን። ከሠርጉ በኋላ ፊት ለፊት መነጋገር ተፈቅዶልኛል። ወይዘሮ አበበች ሬዲዮውን ዝቅ አደረጉና በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ፤ በእነዚያ ዓመታት መጥቶ ሳይፈጭ የተመለሰውን ጆንያ ነው የሚቆጥሩት። አንዱን እጅ ጨረሱ፣ ሁለተኛውን ጨረሱ፣ ደግመው ከአውራ ጣት ጀመሩና ተዉት።

«እኔ አልቻልኩም» አሉኝ። «ያ ዕቃህ ይቆጥረው ይሆን?»

«እማማ፣» አልኩ፣ «የእሱ ፕሮግራም እኮ ገና አልተፈጨም።»